ታላቁ የሕንድ ወጥ ቤት (ፊልም)

በደቡብ ሕንድ ኬረላ ግዛት በማላያላም ቋንቋ ተሠርቶ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃ ፊልም ነው። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ጂዮ ቤቢ ሲሆን፣ ኒሚሻ ሳጃያንና ሱራጅ ቬንጃራሙዱ ሚስትና ባል ሆነው ተውነዋል። ገጸ ባሕርያቱ ስም የላቸውም።

ታሪኩ ትንሽ ነው፤ የሚበዛው የቤቱ ሥራ ነው። አዲሷ ሙሽራ ትከትፋለች፣ ትፈጫለች፣ ታጥባለች፣ ትወለውላለች። የባሏ አባት ሩዙ በእንጨት እሳት እንዲበስል፣ ልብሳቸውም በእጅ እንዲታጠብ ይፈልጋሉ፤ ደግሞ አይቆጡም፣ በለሰለሰ አንደበት ነው የሚያዙት። ወንዶቹ አኝከው የተፉት የሽፈራው ፍሬ ልጣጭ ገበታው ላይ ተበትኖ ይቀራል። የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ያፈሳል፤ ባል ጠጋኝ መጥራቱን ይረሳል። ማጀቢያ ሙዚቃ እምብዛም የለም፣ ቦታውን የቢላዋና የድስት ድምፅ ይዞታል። ድግግሞሹ ተመልካቹን ካሰለቸው ዳይሬክተሩ ተሳክቶለታል ማለት ነው።

ኋላ ላይ ፊልሙ ወደ ወር አበባ ክልከላና ወደ ሳባሪማላ ቤተ መቅደስ ውዝግብ ይሻገራል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በማንኛውም ዕድሜ ያሉ ሴቶች ወደዚያ እንዲገቡ መፍቀዱ ኬረላን ለሁለት ከፍሎ ነበር።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው ኒስትሪም በተባለ አነስተኛ የኢንተርኔት አውታር ሲሆን፣ በኋላ አማዞን ፕራይም ወስዶታል። የ2020 የኬረላ ግዛት የምርጥ ፊልም ሽልማትንም አግኝቷል። በ2023 አይሽዋርያ ራጄሽ የተወነችበት የታሚል ቅጂ ወጥቷል፤ ለጀማሪ ተመልካች ግን የሚመረጠው የማላያላሙ ነው።