ጮቄ ላይ የሚተከለው ድንኳን፦ ድርጎው ከማን ቤት ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነስቶ ወደ ግሽ ዓባይ ሲጓዝ በደንብ ተዘጋጅቶ ነበር። ዳግማዊ አጼ ተክለ ሃይማኖት ግሽን በጉልት ሰጥተውታል። በቅሎ አለው፣ ድንኳን አለው፣ አሽከር አለው፣ የመለኪያ መሣሪያም ይዟል። የቀረው የመንገዱ ጌታ ፈቃድ ብቻ ነበር። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል መጀመሪያ ፊት ነሳው። ኋላ ግን ታረቁና ሁለት ነገር ሰጠው፤ ወልዶ የሚባል መንገድ መሪና የራሱን ፈረስ። ፈረሱ ለመጋለብ አልነበረም። ኮርቻና ልጓሙ እንዳለ ከፊት ከፊት እንዲነዳ ነው። ያንን ፈረስ ያየ ሰው እንግዳው የማን እንደሆነ ያውቃል፣ እጁንም ይሰበስባል።

ቦታው ሲቃረብ ወልዶ አመመኝ፣ እግሬ አልሄድ አለኝ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ብሩስ ነገሩ ገባው። ወገቡን የታጠቀበትን ቀይ የሐር መቀነት ፈትቶ ሰጠው። የወልዶ ሕመም ወዲያው ለቀቀ! (ጎጃም ውስጥ ጉርሻ ሳይቀበል እንግዳውን ጫፍ ላለማድረስ የወሰነ የመጀመሪያው አስጎብኚ እሱ ሳይሆን አይቀርም።) ምንጩን ከላይ ሆኖ አሳየው፤ ቦታው ቅዱስ ነውና ጫማህን አውልቅ ተባለ፤ ብሩስም በባዶ እግሩ እየወደቀ እየተነሳ ቁልቁል ሮጠ። ቀኑ ኖቬምበር 4 ነበር። ውሃውን ቀድቶ ስትራቴስ ከሚባል ግሪካዊ ባልንጀራው ጋር ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ጠጣ። ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከአጼ ሱስንዮስ ጋር እዚያው መቆሙን ለመቀበል ግን ከበደው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የንጉሡ ስም አለ፣ የገዥው ስም አለ፣ የመንገድ መሪው ስም ሳይቀር አለ። የሌለው የባላገሩ ስም ነው።

በዚያ ዘመን የአገር ጎብኚ ምቾት በጓዝ ብቻ አይመጣም ነበር። ዋናው ነገር ድርጎ ነው። የንጉሥ ወይም የገዥ እንግዳ በደረሰበት መንደር ሁሉ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ጠላው፣ ለበቅሎዎቹም ገብሱ ከባላገሩ ቤት ይወጣል። ጋባዡ ጌታው ነው፣ ከፋዩ ግን ባላገሩ። የውጭ ተጓዦች በጻፏቸው መጻሕፍት ድርጎ ዘገየ፣ ድርጎ አነሰ የሚል ስሞታ አይጠፋም። የሰጪውን ስሞታ የጻፈለት ሰው ግን ብዙም አልነበረም።

ከእነዚህ ተጓዦች ለጎጃም ደጋ የበለጠ የደከመው እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ሲኖር የዓባይን ሸለቆ ጠርዝ ተከትሎ በበቅሎ ዞረ። ብዙው የወንዙ መስመር እስከዚያ ድረስ በካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ የተሰመረ ነበር። መጽሐፉ በ1936 ለንደን ታተመ። ካርታው ሞላ። ነገር ግን ጫኙ፣ ድንኳን ተካዩና ውሃ ቀጂው ባይኖሩ ነጠብጣቡ ነጠብጣብ እንደሆነ ይቀር ነበር።

ይህ ሁሉ የጥንት ወሬ ነው የሚል ወደ ጮቄ ይመልከት።

ጮቄ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ነው። ከተማዋ መንቆረር ትባል በነበረበት ጊዜም ጨሞጋ ከዚያው ነበር የሚወርደው። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ፣ ጀደብ ሁሉም የጮቄ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም መድረሻቸው ዓባይ ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከላይ ጅብራው ቆሟል፣ አስታውና ጓሳው አለ፤ ዝቅ ሲል ገብስና ድንች ይታረሳል። እርሻው ከዓመት ዓመት ወደ ላይ የወጣው ገበሬው ተራራ ስለሚወድ አይደለም፣ መሬት ስለጠበበው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮ መንደር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መረጠው። ደስ የሚል ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጮቄ የሚወራው ወሬ ሎጅ፣ የቅንጦት ድንኳን፣ በአስጎብኚ የሚመራ የእግር ጉዞ የሚል ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቆየው ግጭት ምክንያት ግን ዛሬ ዕቅዱ ብዙውን ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ላይ እያለ ነው እንግዲህ መነጋገር የሚሻለው።

የቅንጦት ጉዞ ዕቅድ ብዙ ጊዜ በቦታ ይጀምራል፤ ሎጁ የት ይሁን፣ ስንት ሄክታር ይከለል። እዚህ ላይ ነው የጎጃም ታሪክ ጣልቃ የሚገባው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በጮቄ ግርጌ ያሉት ሞጣና ቢቸና አመፁ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። ገማቹ ዛሬ ለግብር ብሎ ከገባ ነገ ርስቴን ለክቶ ይወስዳል ብሎ ነው። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አዘመተ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ያንን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ባሉበት አገር ሜትር ይዞ የሚመጣ ባለሀብት፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ እንደ ገማቹ ነው የሚታየው።

ሰሜን ተራሮች ሌላ ትምህርት አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆየ። ከመዝገቡ ከመውጣቱ በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ዛሬ ጎብኚው ግጭ ላይ ድንኳኑን ሲተክል ዝምታው ደስ ይለዋል። ዝምታው ከየት እንደመጣ ግን ብዙም አይነገረውም። በአንጻሩ ላሊበላ አጠገብ መቄት ላይ የተሞከረው አለ፤ ጎጆዎቹ የመንደሩ ማኅበር ናቸው፣ ምግቡን የሚሠሩት የመንደሩ ሰዎች፣ አህያውም የእነሱው። እዚያ ድርጎ በዋጋ ይሸጣል።

ለጮቄ የሚበጀው የትኛው ነው? ተራራው ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ነች። ከዚያ በመኪና በረቡዕ ገበያ በኩል በግማሽ ቀን ወደ 4,000 ሜትር የወጣ እንግዳ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ የተከፈለበትን እራት ሳይቀምስ ያድራል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ ያሻል። ስለዚህ በትክክል የታቀደ ጉዞ ጫፍ ላይ በሚሠራ አንድ ሎጅ አያልቅም። ግርጌ አንድ ሌሊት፣ ወገቡ ላይ ሁለት፣ ከዚያ በላይ አንድ ማደር ይጠይቃል። ይህ ማለት በየከፍታው አንድ መንደር፣ በየመንደሩ ቢያንስ አንድ ንጹሕ ጎጆ፣ ገብስ ቆልታ ቡና የምታፈላ እናት፣ በተራ የሚጫን በቅሎ ማለት ነው።

ጊዜውም የታወቀ ነው። በክረምት ጭቃው በቅሎ ይጥላል፤ የሚሆነው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ይህ ደግሞ አጨዳና ውቂያ የሚደርስበት ወቅት ነው። ለበቅሎ ጫኙ የሚቆረጠው የቀን ዋጋ ከደቦው ያስቀረውን ካልካሰው እንግዳው በትርፍ ጊዜ ሳይሆን በአዝመራ ላይ ነው የመጣበት። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይህን ቁጥር ረቡዕ ገበያ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የገበያው ቀን ከስሙ ይታወቃል።