ኢትዮጵያን ያላየ የኢትዮጵያ ሊቅ

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል የአገራችን ሰው። የባዕድ አገር ምሁር ስለ ባህላችን ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ባየን ቁጥር ይህ ተረት ትዝ ይለናል። ደጃችንን ሳይረግጥ፣ ቋንቋችንን በቅጡ ሳይሰማ ማንነታችንን እንዴት ሊነግረን ይችላል? እንላለን። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁንና የምንጠረጥረው ምኑን ነው? አለማየቱን ብቻ ከሆነ በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ነገሩን እንደገና እንድናስብበት ያስገድዱናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የስፔናዊው መነኩሴ የሉዊስ ደ ኡሬታ መጽሐፍ ነው። በ1610 ቫሌንሺያ ላይ ታተመ። ኡሬታ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። የነገሥታት ልጆች በሚታገዱበት አምባ ላይ ዓለም አይቶት የማያውቅ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ግን ተረከ። እሱ አባል የነበረበት የዶሚኒካን ማኅበርም በኢትዮጵያ ምድር በሺህ የሚቆጠሩ መነኮሳት የሚኖሩባቸው ገዳማት እንዳሉት ጻፈ። ከየት አመጣው? ምንጬ የሚለው ሁዋን ደ ባልታሳር የተባለ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለውን ሰው ነው። እንግዲህ «ከአገሬው ሰው ሰማሁ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ወሬው ለሰሚው ማኅበር ክብር የሚጨምር መሆኑም ልብ ይሏል።

ሁለተኛው የፔድሮ ፓኤዝ ነው። ይህ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ በ1622 እዚሁ አረፈ። ግዕዝና አማርኛ ተምሯል፤ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል አንብቧል፤ የዓባይን ምንጭ በዓይኑ አይቷል። የኡሬታን ተረት ነጥብ በነጥብ እያነሳ ያፈረሰው እሱ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሐሰቱ ወዲያው ታትሞ ሲነበብ የፓኤዝ ሙሉ መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ መሆኑ ነው። የሆነ ሆኖ ፓኤዝም ገለልተኛ ታዛቢ አልነበረም። የመጣው የአገሪቱን ነገሥታትና ሕዝባቸውን ወደ ካቶሊክ እምነት ለመመለስ ነው። ያ ጥረት ብዙ ደም ካፋሰሰ በኋላ በ1632 ከሸፈ። ስለዚህ ፓኤዝ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ሲጽፍ የሚናገረው እንደ ተከራካሪ ወገን ነው። አይቷል፤ ያየው ግን በዓላማው መነጽር ነው።

ሦስተኛው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። በ1624 ኤርፉርት ተወልዶ በ1704 እስኪሞት ድረስ ኢትዮጵያን አልረገጣትም። ሆኖም በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው እሱ ነው። ምሥጢሩ አንድ ሰው ነው፦ አባ ጎርጎርዮስ። የአማራው ተወላጅ፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ የኢየሱሳውያኑ ወዳጅ ስለነበር ከእነሱ ውድቀት በኋላ ተሰደደ። ሉዶልፍ በ1649 ሮም፣ በኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ አገኘው። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዞት ጀርመን ድረስ ሄደ። ለጥቂት ወራት ጀርመናዊው ጠየቀ፣ ኢትዮጵያዊው መለሰ። ሁለቱም በቃል የለመዱት ባይሆንም የመግባቢያ ቋንቋቸው የመጽሐፉ ግዕዝ ነበር።

በ1681 የታተመው የሉዶልፍ «የኢትዮጵያ ታሪክ» የዚህ ጥያቄና መልስ ፍሬ ነው። በ1698 የወጡት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ያለ ጎርጎርዮስ አይታሰቡም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሉዶልፍ መምህሩን አለመደበቁ ነው። ስሙን ጠርቷል፤ ይህን የነገረኝ እሱ ነው ብሏል፤ በ1691 ባወጣው የማብራሪያ መጽሐፍ ውስጥ ምስሉን ሳይቀር አትሟል። በዚህም ምክንያት ዛሬ ሉዶልፍን የሚያነብ ሰው የትኛው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ መርምሮ፣ የአንድ ስደተኛ ካህን ምስክርነት የት ድረስ እንደሚሄድ ሊመዝን ይችላል።

እንግዲህ የባዕድ ምሁር ስለ ባህላችን ሲጽፍ ልናነሳው የሚገባው ጥያቄ «አገሩን አይቷል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። መላሹ ማን ነበር? ስሙስ ተጠርቷል? የመላሹ ቃል ጸሐፊው መስማት ከሚፈልገው ጋር በተጋጨ ጊዜ የትኛው ተጻፈ? ዛሬም ዲግሪና የዩኒቨርሲቲ ስም ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆኑም።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ የተሳፈረበት መርከብ ተሰብሮ በሜዲትራኒያን ባሕር ሰጠመ። ለሉዶልፍ በግዕዝ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል። ስለ አገሩ የሚያውቀውን ሁሉ የያዘ፣ በራሱ ስም የወጣ መጽሐፍ ግን የለም፤ እውቀቱን የምናገኘው ከላቲን ነው። ሉዶልፍን በዚህ ልንወቅሰው አንችልም፤ እሱ ድርሻውን ተወጥቷል። የጠያቂው መጽሐፍ ሲታተም የመላሹም አብሮ እንዲታተም ማድረግ የማን ድርሻ ነው? ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ባዕዱን ሳይሆን እኛን ነው።