የግንባታ ሥራዎች ቀን በመርሐ ግብር ሶፍትዌር ውስጥ ለምን ይለዋወጣል?

ለአንድ የመስኖ ቦይ ወይም የከተማ መንገድ ግንባታ «ይህ ሥራ በ10 ቀን ይጠናቀቃል» ተብሎ የተነገረው በሚቀጥለው ሪፖርት 14 ወይም 8 ቀን ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ውኃውን ለበጋ ሰብሉ የሚጠብቅ አርሶ አደርም ሆነ ሱቁ ፊት ለፊት መንገድ የተቆፈረበት ነጋዴ ለውጡን የሥራ ተቋራጩ ስንፍና አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። አንዳንድ ጊዜም እውነቱ ይኸው ነው። ሆኖም በሥራው ቦታ ምንም ነገር ሳይለወጥ ቁጥሩ ብቻ የሚለወጥበት አጋጣሚ አለ፤ ምክንያቱ መርሐ ግብሩ የተዘጋጀበት ሶፍትዌር የሚከተለው ስሌት ነው።

እንደ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ያሉ ሶፍትዌሮች እያንዳንዱን ተግባር በሦስት ነገሮች ይመዝናሉ፦ በሥራ መጠን፣ በተመደበው የሰው ኃይልና በቆይታ ጊዜ። ሁለት የቀን ሠራተኞች በቀን 8 ሰዓት እየሠሩ የጎርፍ መውረጃ ቦይን በ10 ቀን ቆፍረው የሚጨርሱ ከሆነ የሥራው መጠን 160 ሰዓት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲነካ ሌላው መለወጡ አይቀርም። የትኛው እንደሚለወጥ የሚወስነው መርሐ ግብሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ለተግባሩ የመረጠው ዓይነት ነው።

ሁለት ሠራተኞች ቢጨመሩ እንበል። የሥራው መጠን እንዳይለወጥ ከተደረገ ቆይታው ወደ 5 ቀን ያጥራል። ቆይታው እንዳይለወጥ ተደርጎ የሥራው መጠን ለሁሉም እንዲከፋፈል ከታዘዘ 10ሩ ቀን እንዳለ ይቆያል፤ አራቱም ሠራተኞች በግማሽ ቀን ሥራ ይመዘገባሉ። ሦስተኛው ሁኔታ ኪስን የሚነካው ነው፦ የሥራው መጠን እንዲከፋፈል የሚያዘው ምርጫ ካልተከፈተ ቀኑ 10 እንደሆነ ይቀጥላል፣ የሥራው መጠን ግን ወደ 320 ሰዓት ያድጋል። በወረቀት ላይ የጉልበት ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ በቦታው ላይ ግን የተቆፈረው ቦይ ያው አንድ ቦይ ነው።

አርሶ አደር ይህን ስሌት ከነገደቡ ያውቀዋል። ደቦ ሲጠራ አጨዳው ይፈጥናል፤ ጤፉ ግን ሰው ስለበዛ ቀድሞ አይደርስም። ኮንክሪትም እንዲሁ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ሲሆን፣ ሠራተኛ መጨመር ይህን ጊዜ አያሳጥረውም። ሲሚንቶ ቅዳሜና እሑድን ስለማያርፍ እንዲህ ያለው ቆይታ ዕረፍት በማይቆጠርበት፣ ሌሊትና ቀኑን በሚያካትት ቀን መመዝገብ ይኖርበታል። በስህተት እንደ ሥራ ቀን ከተመዘገበና በሳምንት 5 ቀን ብቻ የሚሠራበት ካሌንደር ከተመረጠ 28 ቀኑ 38 ቀን ይሆናል። 10 ቀን ያለ ምክንያት ባከነ ማለት ነው።

ብዙውን መዛባት የሚፈጥረው ግን ካሌንደሩ ነው። ሶፍትዌሩ ሲገዛ ይዞት የሚመጣው መደበኛ ካሌንደር ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ 6 እና ከ7 እስከ 11 ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በብዙ የግንባታ ቦታዎችም ቅዳሜ ይሠራል። ስለዚህ 30 የሥራ ቀን የሚወስድ ተግባር በ5 ቀን ካሌንደር 6 ሳምንት፣ በ6 ቀን ካሌንደር ደግሞ 5 ሳምንት ይሆናል። እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ጥምቀትንና ዓድዋን መደበኛው ካሌንደር አያውቃቸውም። በየዓመቱ ቀናቸው የሚለዋወጠው ፋሲካና ኢድም በእጅ መግባት አለባቸው። የአፈር ቆረጣና ሙሌት ሥራ በክረምት የሚቆም ከሆነም ለእነዚህ ተግባራት ብቻ የሚያገለግል የራሳቸው ካሌንደር ማዘጋጀት ይቻላል፤ ይህ ሳይደረግ ሐምሌ ላይ የተያዘ ቁፋሮ በዝናቡ መቆሙ አይቀሬ ነው።

ለማስተዋል የሚከብደው መዛባት የሚመጣው ሶፍትዌሩ ቀንን ራሱ ከሚተረጉምበት መንገድ ነው። «5 ቀን» ተብሎ ሲጻፍለት በውስጡ የሚይዘው 40 ሰዓት ብሎ ነው፤ አንድ ቀን 8 ሰዓት፣ አንድ ወር ደግሞ 20 የሥራ ቀን መሆኑን አስቀድሞ ተነግሮታልና። ካሌንደሩ በቀን 10 ሰዓት እንዲሠራበት ተለውጦ ይህ ትርጉም ካልተስተካከለ 5 ቀን የተባለው ሥራ በአራተኛው ቀን ያልቃል፤ ዓምዱ ላይ ግን 5 ቀን እንደተባለ ይቀራል። ትርጉሙ ዘግይቶ ቢስተካከል ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈው 5 ቀን በድንገት 4 ሆኖ ይታያል። «3 ወር» የሚለውም 60 የሥራ ቀን ስለሚሆን በ6 ቀን ካሌንደር በ10 ሳምንት ውስጥ ያበቃል። የትርጉሙ ቅንብር ከካሌንደሩ ጋር መጣጣም ያለበት የመጀመሪያው ተግባር ከመመዝገቡ በፊት ነው።

የቆይታ መለወጥና የቀን መገፋትም አንድ አይደሉም። ፌሮ ማሰሩ ሲዘገይ የኮንክሪት ሙሌቱ ቆይታ ሳይነካ መነሻውና መድረሻው ብቻ ወደፊት ይገፋል። የፕሮጀክቱን ማብቂያ የሚገፋውም መዘግየቱ በወሳኙ የሥራ ሰንሰለት ላይ ሲወድቅ ነው። ይህን ስሌት ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሬሚንግተን ራንድ ጋር ያበጀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ያለ ተግባር የራሱ የመጠባበቂያ ቀናት ስላሉት ጥቂት ቢዘገይ የርክክቡን ዕለት አይነካም።

ነዋሪዎች በውይይት መድረክ ላይ የቀን ለውጥ ሲነገራቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ቀኑ የሥራ ቀን ነው ወይስ የካሌንደር ቀን የሚለው ቢሆን ይመረጣል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የፊዲክ የግንባታ ውል ቀን የሚለው የካሌንደር ቀንን ነው፤ መርሐ ግብሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የሥራ ቀንን ነው። ቀጥሎ መጀመሪያ የጸደቀውን ዕቅድ ማየት መጠየቅ ይቻላል። ሶፍትዌሩ የመነሻ ዕቅዱን ከአዲሱ ጎን ለጎን አስቀምጦ የማሳየት አቅም አለው፤ ይህ የሚሆነው ግን ባለሙያው ዕቅዱ እንደጸደቀ የመነሻ ቅጂውን ካስቀመጠ ብቻ ነው። ካልተቀመጠ አዲሱ ቀን በቀድሞው ላይ ይጻፋል፤ ለማነጻጸርም ቀድሞ የታተመ ወረቀት መፈለግ ግድ ይላል።