ተመላሿ ዘንግ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው ገና አቦል ነው፣ ምሽቱም አላለቀም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ዘንግ ነው። ዘንግ ስላችሁ የእረኛ ዱላ እንዳይመስላችሁ፤ ከመዳፍ ብዙ የማትተርፍ፣ ከታች ቀጥና ወደ ላይ እየወፈረች የምትሄድ፣ የተገለበጠች ትንሽ ዘነዘና የምትመስል፣ የጌም ማሽን ላይ ተተክላ በግራ እጅ የምትያዝ ናት። ሌቨር ይሏታል፣ እኛም እንደዚያው እንበላት። እሷን መምረጥ ይህን ያህል ያስወራል ወይ የሚል ካለ፣ በሬ ገዢ ጥርስ ያያል፣ በቅሎ ገዢ አረማመድ ያያል፤ ሌቨር ገዢ ምን እንደሚያይ እስኪሰማ ትንሽ ይታገሰኝ።

አንድ ልጅ ነበረ። ልጁን ለጨዋታችን ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ስምም አልሰጠሁትም፤ መንገዱ፣ ገበያውና ዕቃው ግን ያሉ ናቸው። ከሴኡል በስተደቡብ ያለችው የዴጆን ከተማ ልጅ ነው፣ ያደገውም በኦራክሺል ነው። ኦራክሺል በኮሪያ በየሰፈሩ የነበረ የጌም ቤት ነው፤ ማሽኖቹ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ልጆች ሳንቲም እያጎረሷቸው፣ የተሸነፈ የሚነሳበት፣ ያሸነፈ እንደተቀመጠ የሚያመሽበት ቤት። እዚያ ከነገሡት ጨዋታዎች አንዱ ቴከን የሚባለው የድብድብ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው የጃፓኖች ነው፤ የመጀመሪያው በ1994 ወጣ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)፣ ሦስተኛው በ1997 ሲመጣ ደግሞ ህዋራንግ የሚባል በቴኳንዶ የሚማታ ኮሪያዊ ጎረምሳ ይዞ መጣ፣ ልጆቹም ተንጋግተው ማሽኑን ከበቡት፣ ከዚያም ዓመታት ሲያልፉ ሠሪዎቹ እንኳ ያላሰቡትን ነገር በዚያች ዘንግ ያደርጉ ጀመር።

ያደረጉት ነገር ማፈግፈግ ነው። አዎ፣ ማፈግፈግ። ተጫዋቹ ዘንጓን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይመታና በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ሳያልቅ ዘንጓን ወደ ኋላና ወደ ታች በሰያፍ ያወርዳትና እርምጃውን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ፣ እንደገና ሰያፍ፣ እንደገና ወደ ኋላ፣ እጁ እንደ ወንፊት እየተንቀጠቀጠ፣ ሰውየው ከጠላቱ ክንድ አንድ ስንዝር ብቻ እየራቀ፣ ጠላት አየር እስኪመታ ድረስ። የዓለም ተጫዋቾች ሁሉ እስከ ዛሬ «የኮሪያ ማፈግፈግ» ይሉታል። መሸሽ እንዳይመስላችሁ። ባዶ የመታው ሰው ክንዱን እስኪሰበስብ ድረስ የተከፈተ በር ነው።

የእኛ ልጅ ግን ይህን አልቻለበትም። ኦራክሺሎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ሲሄዱ እሱም እንደ እኩዮቹ ሌቨርና ቁልፎች የተገጠሙበት የራሱን የመጫወቻ ሣጥን ገዝቶ ቤቱ መጫወት ጀመረ፣ ሣጥኑ ላይ የነበረው ሌቨር ደግሞ የጃፓን ነበር፤ ሳንዋ የሚባለው፣ ጫፉ እንደ ሎሚ የከበበ። የጃፓኑ ሌቨር ሆዱ ውስጥ ሞላ አለው፣ ዘንጉን ወደ መሐል የሚመልሰው ያ ሞላ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አራት ማዕዘን የሆነ አጥር አለው፣ ዘንጉ ወደ ሰያፍ ሲሄድ ማዕዘኑ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። ለብዙ ጨዋታ ይህ ምቹ ነው፤ ሰያፉ የት እንዳለ እጅህ በጨለማም ያገኘዋል። የኮሪያው ግን ሞላ የለውም፣ ማዕዘንም የለውም። ዘንጉ በወፍራም የጎማ ቀለበት ታንቆ ይቆማል፣ ስትገፋው ጎማው ይጨመቃል፣ ስትለቀው ጎማው ራሱ ይመልሰዋል፤ ዙሪያውም ክብ ነው፣ እንደ ምጣድ። ለዚህ ነው ኮሪያዎች ሙጋክ የሚሉት፤ ማዕዘን የለሽ ማለታቸው ነው።

እናም በአንድ የጥር ቅዳሜ፣ ሰማዩ አመድ መስሎ በረዶ ሊጥል ሲያንዣብብ፣ ልጁ ያጠራቀማትን ገንዘብ በውስጥ ኪሱ ከቶ ሙጉንግህዋ የሚባለውን ባቡር ያዘ። ፈጣኑ ባቡር ነበረ፣ ግን ዋጋው የሌቨሩን ገንዘብ ይቀንስበታል፣ ይሄኛው ደግሞ በየጣቢያው እየቆመ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ አሮጊቶች ጥቅላቸውን ይዘው ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ከመስኮቱ ውጭ የታጨደው የሩዝ ማሳ ውሃው ረግቶ ነጭ ሆኖ ያልፋል፣ ልጁም ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሌለ ዘንግ ወደ ኋላ ይመታል፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ አንዴ አይተውት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሴኡል ሲደርስ በረዶው ወርዷል። ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ሦስት ፌርማታ ሄደና ጆንግኖ ሦስተኛ መንገድ ላይ ወጣ፣ ጫማው እየራሰ ወደ ሴዉን ሳንጋ አቀና።

ሴዉን ሳንጋን ለማያውቅ እንዲህ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ መሐል ከተማውን እንደ መርከብ ሰንጥቆ የቆመ ረጅም የገበያ ሕንፃ ነው፣ ከጎኑም ወንድሞቹ የሆኑ ሕንፃዎች ተከታትለው ቆመዋል፣ በመካከላቸው ቾንግጌቾን የሚባለው ጅረት ያልፋል። ራዲዮ የሚጠግነው፣ አምፖል የሚሸጠው፣ የጌም ማሽን ዕቃ የሚደረድረው ሁሉ እዚያ ነው። ልጁ ጠባቧን ኮሪደር ይዞ ሄደ፣ የብየዳ ሽታ አፍንጫውን ሞላው፣ ከዚያም ጥግ ላይ አንዲት ሱቅ አገኘ፣ ውስጧም አንድ አዛውንት ማሞቂያ ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ሳጃንግኒም፣ ሌቨር ፈልጌ መጣሁ» አላቸው። እነሱ ባለሱቁን በአክብሮት ሲጠሩ እንደዚያ ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው።

«ለየትኛው ጨዋታ?»

«ለቴከን።»

«እስከ ዛሬ በምን ትጫወት ነበር?»

«በሳንዋ።» ልጁ ትንሽ አፈረ።

«ምን አንገትህን ትደፋለህ? ጥሩ ዕቃ ነው» አሉትና አንድ ሳንዋ ከመደርደሪያ አወረዱ። «ይኸው፣ ዳር ድረስ ገፍተህ ድንገት ልቀቀው፤ ዓይንህን ጨፍንና ስማ።» ልጁ ገፋ፣ ለቀቀ። ተክ፣ ከዚያም አንዲት ሌላ ቀጭን ተክ። ሞላው ዘንጉን ሲመልስ መሐሉን አሳልፎት ማዶ ያለችውን ስዊች ነክቷት ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እጅህ ካልተጠነቀቀ፣ ያላዘዝከው ትእዛዝ ማለት ይቺ ናት።»

እዚህ ላይ ወዳጆቼ አንድ ነገር ላስገባ። ቴከን ውስጥ «ኤሌክትሪክ» የሚሏት ቡጢ አለች። ዘንጉን ወደ ፊት፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ ወደ መሐል፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ታች በሰያፍ ወደ ፊት፤ ቡጢውም ከዚያች ሰያፍ ጋር እኩል መውረድ አለበት። እኩል ስል ጨዋታው በሰከንድ 60 ሥዕል ያሳያልና በዚያችው በአንዷ ሥዕል ውስጥ ማለቴ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያጣት ወደ ፊት መሄድ አቅቶት አይደለም፤ ወደ መሐል ሳይመለስ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። መሄድማ ማንም ይሄዳል።

ሽማግሌው ሦስት የኮሪያ ሌቨሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አንደኛው ክራውን 309 ነው፤ ሁለተኛው ፋንታ የሚባለው ነው፣ ለስላሳውን እንዳታስቡ፣ ስሙ ብቻ ነው የተጋጠመው፤ ሦስተኛው ስሙ የተፋቀ አሮጌ፣ ከተዘጋ ኦራክሺል የተነቀለ። ልጁ እያንዳንዱን ገፋ፣ ለቀቀ፣ ገፋ፣ ለቀቀ። የኮሪያዎቹ ሲመለሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተክ ይላሉ፣ ጎማው ይይዛቸዋል። ግን አያያዛቸው ይለያያል። አንዱ ጎማ ጠንካራ ነው፣ እንደ ጥፊ ይመልሳል፤ ልጁ ወደደው፣ ሽማግሌው ግን «ሃምሳ ጊዜ አድርገው» አሉት፣ ሠላሳኛው ላይ የእጁ አንጓ ሞቀ። ሌላው ለስላሳ ነው፣ ሲገፉት ደስ ይላል፣ ሲመለስ ግን ያንቀላፋል። ጎማው ላይ ቁጥር አለ፣ ሠላሳ ስንትም አርባ ስንትም ይሆናል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል፤ ሽማግሌው ግን ቁጥሩን አልነገሩትም። እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ቁጥር ቀድሞ የሰማ ሰው እጁን አያምንም።

ቀጥለው ሌቨሩን ገልብጠው ሆዱን አሳዩት። ዘንጉ ከሥሩ ቀለበት አጥልቋል፣ ቀለበቱ በአራቱም በኩል ያሉትን ስዊቾች ይነካል። «ቀለበቱ ሲወፍር ስዊቹን ቶሎ ያገኘዋል፣ ሲቀጥን ብዙ ትገፋለህ» አሉት። ከዚያ ጠየቁት፤ «ሣጥንህ ሆዱ ስንት ነው?» ልጁ በጣቱ አሳየ። ሽማግሌው ሳቁ። የኮሪያ ሌቨር ወደ ታች ይረዝማል፣ ለጃፓን ሌቨር የተሠራ ሣጥን ውስጥ ሁልጊዜ አይገባም፣ የሚታሰርበትም ሳህንና ቀዳዳ ካልገጠመ መቦርቦር ነው። ስንት ሰው አማርጦ ገዝቶ፣ ቤቱ ሄዶ ክዳኑ አልዘጋ ብሎት ተቀምጧል!

ልጁ በመጨረሻ የመረጠው መካከለኛውን ጎማ ነው፣ የክራውኑን። ሽማግሌው በጋዜጣ ሲጠቀልሉለት ሌላ ጎማ ጨመሩበት። «ጎማ ያረጃል» አሉት። «ደግሞ ዛሬ ብርድ ነው፣ ጎማ በብርድ ይኮሳተራል። ማታ ቢያስቸግርህ አትርገመኝ።»

መንገድ ላይ ሳለ አንዲት ወሬ ላቀብላችሁ፣ ባቡሩ ቀርፋፋ ነው። ኒ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ኮሪያዊው ቤ ጄሚን በ2013 ላስ ቬጋስ ላይ ኢቮ በሚባለው የድብድብ ጨዋታዎች ውድድር የቴከን ታግ 2 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2017 እና በ2018 በቴከን 7 የኢቮን ዋንጫ የወሰዱትም ኮሪያዎች ነበሩ፣ ያኔ ሰው ሁሉ የኮሪያ ሌቨር ፍለጋ ሮጠ። ከዚያ በ2019 ከፓኪስታን፣ ከላሆር፣ አርስላን አሽ የሚባል ወጣት መጣና በዚያው በኢቮ ፍጻሜ ኒን ራሱን አሸነፈ። ላሆርም የራሷ የጌም ቤቶች፣ በየማታው የሚፋለሙ ልጆች አሏት። ለሌቨሩ የሮጠው ሰው ያን ቀን ምን እንዳሰበ እንጃ፤ እኔ ግን ስቄአለሁ።

ልጁ ዴጆን ሲደርስ መሽቶ ነበር። ክፍሉ ቀዝቅዟል፣ ሣጥኑን ፈታ፣ ብሎኖቹን በሻይ ስኒ ውስጥ አጠራቀመ፣ ሳህኑን ገጠመ፣ ደግነቱ ክዳኑ ተዘጋ። ከዚያ ተቀመጠና ሰያፉን ፈለገው፣ ማዕዘን የለም፣ እጁ ክቡ ላይ ተንሸራተተ፣ ሰውየው ማፈግፈጉን ትቶ ዘለለ፣ ተመታ፣ ወደቀ። አሥር ጊዜ ተሸነፈ። ጎማውም እንደተባለው ተኮሳትሯል። ልጁ ሽማግሌውን አልረገማቸውም፤ ሣጥኑን አንስቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከቶ አቀፈው፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና አወጣው።

እናቱ ከግድግዳው ማዶ ተኝታ ትሰማለች። ተክ፣ ተክተክ፣ ዝም። ተክ፣ ተክተክ፣ ዝም። ግድግዳውን ለመምታት እጇን አነሳች፣ ያን ጊዜ ድምፁ ተለወጠ፤ ተክ ተክ ተክ ተክ፣ እኩል እኩል፣ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። እጇን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰች።