35 ራስ፣ 94 እግር

ትምህርት ቤት እያለን ዎርድ ፕሮብሌም ሲመጣ ብዙዎቻችን እስክሪብቶ ማኘክ ነበር የምንጀምረው። ስሌቱ አልነበረም ችግሩ፤ ታሪኩ ወደ ኤክስና ዋይ አልለወጥ እያለን እንጂ። ለነገሩ አይፈረድብንም፤ ይቺን እርምጃ ለመራመድ የሰው ልጅም ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ከቻይና እንጀምር። ከ1500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው በሚባለው «ሱንዚ ሱዋንጂንግ» በተሰኘ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ፤ ወፎችና ጥንቸሎች አንድ ላይ ታጉረዋል፤ ራሳቸው ሲቆጠር 35፣ እግራቸው 94 ነው፤ እያንዳንዳቸው ስንት ናቸው? መልሱ አጭር ነው። እግሩን ለሁለት ክፈል፤ 47። 35 ቀንስ፤ 12 ጥንቸል። የቀረው 23 ወፍ። እግሩ ሲገመስ ለወፍ አንድ፣ ለጥንቸል ሁለት ይደርሳቸዋል፤ ስለዚህ ከራስ ቁጥር የተረፈው ሁሉ የጥንቸል ነው።

ግሩም ነው! ግን ዘዴው ለሁለትና ለአራት እግር ብቻ የሚሠራ ነው። ወፎቹን በባጃጅ፣ ጥንቸሎቹን በሚኒባስ ተኩና 20 ተሽከርካሪ፣ 68 ጎማ በሉ። የጎማው ግማሽ 34፣ 20 ሲቀነስ 14 ሚኒባስ። ስህተት! ትክክለኛው 8 ነው።

ለማንኛውም ቁጥር የሚሆነውን መንገድ ቻይናዎች ራሳቸው ቀደም ብለው አግኝተውት ነበር። ሊዩ ሁዊ በ263 እ.ኤ.አ. ማብራሪያ የጻፈበት «ዘጠኙ ምዕራፎች» በ8ኛው ምዕራፉ ቁጥሮቹን በትንንሽ ዘንጎች በየአምዱ ይደረድርና አንዱን አምድ ከሌላው እየቀነሰ ይፈታል። ዛሬም የምንሠራው ይኸንኑ ነው። የማይታወቁት ቁጥሮች ግን ቦታ እንጂ ስም አልነበራቸውም።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አል-ኸዋሪዝሚ ስም ሰጠ። አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው ከእሱ መጽሐፍ ርዕስ ነው። የማይታወቀውን «ነገር» ይለዋል። አሥርን ሁለት ቦታ ክፈል ሲባል አንዱ «ነገር»፣ ሌላው «አሥር ሲቀነስ ነገሩ» ነው። ሁለት የማይታወቁ፣ አንድ ስም! ፈረንሳዊው ቪየት በ1591 እ.ኤ.አ. ለሚታወቀውም ለማይታወቀውም ፊደል ሰጠ፤ ደካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ለማይታወቁት የፊደል ገበታውን መጨረሻ መረጠ። ኤክስና ዋይ እንዲህ ነው የመጡብን።

አሁን ወደ ባጃጆቹ። ባጃጁ ኤክስ፣ ሚኒባሱ ዋይ ይሁን። ኤክስ ሲደመር ዋይ 20 ነው። 3 ኤክስ ሲደመር 4 ዋይ 68 ነው። የመጀመሪያውን በ3 ስናባዛ 60 ይሆናል፤ ከ68 ስንቀንሰው ዋይ 8፣ ኤክስ 12።

ልብ በሉ፤ ከባዱ ሥራ ያለቀው ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሲጻፉ ነው። ታናሽ ወንድማችሁ እስክሪብቶ ሲያኝክ ካያችሁት «ቶሎ ሥራ!» አትበሉት። «የማታውቀው የትኛውን ነው? ስም ስጠው» በሉት።