ልቅ ውሻ (ሰሜን ሸዋ)

ልቅ ውሻ ባለቤት ኖሮት ሳይታሰር የሚንቀሳቀስ ውሻ ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ ገጠሮች ቀን ከእረኛው ጋር በጎችን ይከተላል፤ ሌሊት ቤትና በረት ይጠብቃል፣ ጅብ ሲጠጋ ይጮኻል። እንግዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ውሻ ያዙ!» ይላል፤ የሚገባውም ውሻው ሲያዝለት ነው።

ልቅ ውሻ ግን ካልተከተበ አደጋ አለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በዋናነት በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ይገድላል። በኢትዮጵያ ብቻ ወደሚገኘው ቀይ ቀበሮም ከውሻ ይዛመታል፤ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት በመንዝ ጓሳ አካባቢ ውሻን ማስከተብና ከጓሳው ማራቅ ለሰውም ለቀበሮውም ደኅንነት ይበጃል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።