የእግር ቁስል ሕክምናና የማነጻጸር ዘዴ በታሪክ

ከዛፍ የወደቀ ልጅ፣ ጋሪ የሄደበት መንገደኛ፣ በጦር ሜዳ የተመታ ወታደር እግሩን ወይም ሕይወቱን የሚያጣው አጥንቱ በመሰበሩ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያከፋው ከዚያ በኋላ ቁስሉ መመርቀዙ ነው። ታዲያ ከልዩ ልዩ ሕክምናዎች የሚሻለው የቱ እንደሆነ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? ለዚህ ጥያቄ ሦስት ታሪካዊ ምሳሌዎችን እናቀርባለን።

እ.ኤ.አ. በ1537 የፈረንሳይ ጦር በኢጣሊያ በቱሪን አካባቢ ሲዋጋ አምብሯዝ ፓሬ የተባለ ወጣት ሐኪም አብሮ ዘምቶ ነበር። በዚያ ዘመን የጥይት ቁስል በባሩድ የተመረዘ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ መርዙን ያጠፋል በማለት የፈላ ዘይት ያፈሱበት ነበር። አንድ ቀን ዘይቱ አለቀ። ፓሬም ቸግሮት የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፐንታይን ደባልቆ ለቀሩት ቁስለኞች ቀባላቸው። ሌሊቱን በሥጋት እንቅልፍ አጥቶ አድሮ ማለዳ ቢጎበኛቸው፣ ቅባት የተደረገላቸው ሕመማቸው ቀሎ፣ ቁስላቸውም ሳያብጥ አገኛቸው። ዘይት የፈሰሰባቸው ግን ትኩሳትና ብርቱ ሥቃይ ይዟቸው ነበር። ፓሬ ይህንን በ1545 በመጽሐፍ አሳተመ።

ሁለተኛው ምሳሌ በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ሐኪም የነበረው ጆሴፍ ሊስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 የጋሪ መንኰራኵር እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ ቀረበለት። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ስለነበር የጊዜው ልማድ እግሩን መቁረጥ ነበር። ሊስተር ግን የፍሳሽ ጠረን ለማጥፋት ይውል የነበረውን ካርቦሊክ አሲድ በጨርቅ ነክሮ ቁስሉን ሸፈነው። ልጁም ከሳምንታት በኋላ እግሩ ድኖ ወጣ። ሊስተር ኋላ ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ ከዚህ ዘዴ በፊት እጅ ወይም እግር ከተቈረጠባቸው 35 ሰዎች 16ቱ ሲሞቱ፣ ከዘዴው በኋላ ግን ከ40ዎቹ የሞቱት 6 ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ፓሬ ያነጻጸረው በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሰፈር የነበሩ ቁስለኞችን ነው። ሊስተር ግን የቀድሞውን ዘመን ከአዲሱ ጋር አነጻጸረ፤ በመካከሉ ሌላም ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የባርሴሎና ሐኪም የነበረው ጆሴፕ ትሩኤታ ነው። አሜሪካዊው ዊኔት ኦር በጀመረው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አውጥቶ፣ ሳይሰፋ በጨርቅ ሞልቶ በጀሶ ያስረው ነበር። ጠረኑ እጅግ ያስቸግር ነበር፤ ነገር ግን ፔኒሲሊን ገና በሥራ ላይ ባልዋለበት ጊዜ በዚህ ዘዴ ከታከሙት 1,073 ቁስለኞች የሞቱት 6 ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

ሦስቱም የሚያስረዱት አንድ ነገር ነው። በችግር ጊዜ እግርን ያተረፈው የመድኃኒት ብዛት አይደለም፤ ንጽሕና፣ የሞተን ሥጋ ማስወገድ፣ የተሰበረውንም እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው።

በአገራችንም ወጌሻ ስብራትን በሸንበቆና በእንጨት ማሰሩ ከዚሁ ከመጨረሻው ሐሳብ ጋር ይስማማል። ነገር ግን እስራቱ ሲጠብቅ ደም አላልፍ ብሎ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ብዙ ሕፃናት አሉ። የእግር ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስራቱን ወዲያው ማላላትና ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ያስፈልጋል። ቆዳን ቀድዶ የወጣ ስብራት ደግሞ ከመጀመሪያው የሐኪም ሥራ ነው።

መምህራን ይህን ትምህርት ሲያቀርቡ፣ ተማሪዎች የሦስቱን ሐኪሞች ሥራ በሠንጠረዥ እንዲያሰፍሩ ቢያደርጉ መልካም ነው፦ ምን ተለወጠ? ከምን ጋር ተነጻጸረ? አጠራጣሪ ሆኖ የቀረውስ ምንድን ነው? «አባቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር» ወይም «ሐኪሙ እንዲህ አለ» ከማለት አልፎ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የታሪክንም የሳይንስንም ትምህርት በሚገባ ጀምሯል።